በጽዳት አገልግሎት ፈቃድ የነቀዝ ክኒን መጠቀም ይቻላል? መዝገቡስ ምን ምን ይይዛል?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኮምቦልቻ ከሁለት ወጣቶች ጋር በቤትና በሆቴል ትኋንና በረሮ የማጥፋት ሥራ እሠራለሁ። ንግድ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው «የጽዳት አገልግሎት» የሚል ነው። ስጀምር አብዛኛው ሥራ ጽዳት ስለነበረ ያስኬድ ነበር፤ አሁን ግን ደንበኛ የሚጠራኝ ለተባይ ብቻ ሆኗል።

ሰሞኑን አንድ የእህል ነጋዴ በቆሎና ስንዴ ያከማቸበትን መጋዘን በነቀዝ ክኒን እንዳጥንለት ጠየቀኝ። መጋዘኑ ከበስተጀርባው ከአንድ መኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በቤቱ ውስጥ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይኖራል። ነጋዴው ደግሞ የጭነት መኪና ስለቀጠረ በሁለተኛው ቀን መጋዘኑ እንዲከፈትለት ይፈልጋል። በዚያው ሳምንት አንድ ፋብሪካ ለመጋዘኑና ለሠራተኞች መመገቢያው በየወሩ ርጭት እንዳደርግለት ጠርቶኝ፣ ከዋጋው በፊት የጠየቀኝ የባለሙያ የብቃት ማረጋገጫና እስካሁን የሠራሁባቸውን ቦታዎች መዝገብ ነው። ደረሰኝ አለኝ፤ ደረሰኙ ላይ ግን ቀንና ብር እንጂ ምን እንደረጨሁ አይታይም።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። የጽዳት ፈቃዱ ለዚህ ሥራ ይበቃል ወይስ ሌላ ማውጣት አለብኝ? መዝገብ ሲባልስ ምን ምን ይጻፍበታል? ወረቀቱ እንዲኖረኝ ብቻ ሳይሆን ሥራውንም በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ልጄ፣ እስከ ጡረታ ድረስ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ያገለገልሁ ሴት ነኝ። ጥያቄህን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልሁ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ከሁሉ በፊት ያንን መጋዘን አታጥን። ነጋዴው ዋጋ ቢጨምርልህም፣ «ሌላ ሰው ይሠራልኛል» ቢልህም አታጥን። ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ።

ወደ ፈቃዱ ስንመጣ፣ የጽዳት ፈቃድ ወለል ለማጠብ የተሰጠ ፈቃድ ነው። መርዝ መርጨትና ጋዝ መልቀቅ ሌላ ሙያ ነው። በአገራችን ጉዳዩ የሚገዛው በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ከአዋጁ በፊት ከ1982 ዓመተ ምህረት ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ልዩ ድንጋጌ ነበረ። የአዋጁ መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ አገር ውስጥ አይገባም፣ አይሸጥም፣ ጥቅም ላይም አይውልም የሚል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ አንተ የያዝኸው ዕቃ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። ጠርሙሱ ላይ የምዝገባ ቁጥር ከሌለ፣ ጽሑፉ አንተ በማታነበው ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ ከትልቅ ጀሪካን ወደ ውኃ ፕላስቲክ ቀንሶ ከሰጠህ፣ እሱን ይዘህ የሰው ቤት አትግባ።

የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ንግድ ቢሮ የሚነግርህ መነገድ እንደምትችል ነው፤ ሥራውን ማወቅህን የሚመሰክረው የዘርፉ ተቆጣጣሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ንግድ ቢሮ ሳይሆን ወደ ግብርና መሥሪያ ቤቱ የዕፅዋት ጥበቃና የግብዓት ቁጥጥር ባለሙያዎች ሂድ። በቃል አትጠይቅ፤ በጽሑፍ አስገባ። «የምሠራው በሰው መኖሪያና በሆቴል የነፍሳት ርጭት ነው፣ ወደፊት የእህል መጋዘን ማጠን እፈልጋለሁ» ብለህ ሁለቱን ለያይተህ ጻፍ። ትኋን የሚረጭ ሰው ጋዝ የሚለቅ ባለሙያ ነው ማለት አይደለም። ልብሱ ሌላ ነው፣ ጭምብሉ ሌላ ነው፣ አደጋውም ሌላ ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ግን አንዱን ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሁሉንም ይሠራሉ። ወረቀቱ የባለቤቱ ስም ይኖረዋል፤ መርጫውን አዝሎ የሚገባው ልጅ ግን ስለያዘው ነገር አንድም ቃል አልተነገረውም። ይህ ያሳዝነኛል። ከአንተ ጋር የሚሠሩት ሁለት ወጣቶችም በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተለጠፈውን መለያ ጽሑፍ አንብበው መረዳት አለባቸው፤ ካልሠለጠኑ መርጫ አይንኩ።

አሁን ወደ መጋዘኑ። የነቀዝ ክኒን የምንለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን ይህ ጋዝ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱ ነው፤ ማርከሻ መድኃኒት ደግሞ የለውም። ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው የታማሚውን ልብና ሳንባ መደገፍ ብቻ ነው። ጋዙ በስንጥቅ፣ በጣሪያ ሥር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በገባበት ቀዳዳ ሁሉ ያልፋል። ግድግዳ የሚጋራ ቤት ውስጥ ልጆች ተኝተው እያለ ይህ አይታሰብም። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ስላለው «ካልሸተተኝ የለም» የሚሉ አሉ፤ አይሠራም። ሽታው ሳይሰማ ጋዙ ሊኖር ይችላል፤ የሚታመነው መለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው። ሰው ሙሉ የሥራ ቀን ሊቆይበት የሚፈቀደው ወሰን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 0.3 እጅ ጋዝ ነው፤ አፍንጫ ይህን አይለካም።

«በሁለተኛው ቀን ክፈትልኝ» የሚለውን ነገር ደግሞ ነጋዴዎች ሁሉ ይላሉ። ጊዜውን የሚወስነው የጭነት መኪናው ሳይሆን የእህሉ ሙቀት ነው። በብዙዎቹ የክኒን መለያ ጽሑፎች መሠረት ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቢያንስ 3 ቀን፣ ከ16 እስከ 20 ከሆነ 4 ቀን፣ ከ12 እስከ 15 ከሆነ 5 ቀን ተዘግቶ መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ሲሆን ይበልጥ ይረዝማል፣ ከ5 ዲግሪ በታች ደግሞ ጨርሶ አይደረግም። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ኮምቦልቻ በ3 ቀን ያለቀ ሥራ እኛ ዘንድ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በዚያው ጊዜ አያልቅም። ከዚህ ከተማ ወደዚያ ወርደህም ሆነ ከዚያ ወደዚህ ወጥተህ ስትሠራ ቴርሞሜትርህን እህሉ ውስጥ አስገብተህ እይ። መጋዘኑ ተከፍቶ ጋዙ እስኪወጣ የሚናፈስበት ጊዜ ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ቶሎ ከተከፈተ የሚሞተው የሚንቀሳቀሰው ነቀዝ ነው፤ እንቁላሉና ሙሽሬው ጋዙን ይበልጥ ስለሚቋቋሙ በፍሬው ውስጥ ይተርፋሉ። ነጋዴው ከወር በኋላ ተመልሶ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ይላል፤ ሌላው መጥቶ እጥፍ ክኒን ይጨምራል፤ እንዲህ እየተደረገ ነው ነቀዙ መድኃኒቱን የሚለምደው።

መዝገቡን አሁን ልንገርህ። ለእያንዳንዱ ሥራ ቀኑን፣ የጀመርህበትንና የጨረስህበትን ሰዓት፣ የደንበኛውን ስምና ትክክለኛ ቦታውን ጻፍ። «ሆቴል» አይበቃም፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ወጥ ቤት። ከዚያ ያየኸው ተባይ ምን እንደሆነ። ከዚያ የመድኃኒቱ የንግድ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ዋናው ንጥረ ነገርና መጠኑ በመቶኛ፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን። ዋናውን ንጥረ ነገር ሳይጽፉ የንግድ ስሙን ብቻ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ታሞ ሆስፒታል ቢደርስ ለሐኪሙ የሚጠቅመው ግን ዋናው ንጥረ ነገር ነው፤ ማላታይን በተባለው ፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው አትሮፒን የተባለ ማርከሻ ይሰጠዋል፣ በሌላ ዓይነት መርዝ የተጎዳ ደግሞ ሕክምናው ሌላ ነው። ከዚያ ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሊትር ውኃ እንደበጠበጥህና በጠቅላላው ስንት እንደተጠቀምህ፣ ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ ጋዝ ከሆነ በኪዩቢክ ሜትር። ውጭ ከሆነ ነፋሱን። የረጨውን ሰው ስም፤ የድርጅቱን ሳይሆን የሰውየውን። ሰዎች ተመልሰው መግባት የሚችሉበትን ሰዓት ጻፍና ደንበኛው እንዲፈርምበት አድርግ። የማጠን ሥራ ከሆነ የእህሉ ሙቀት፣ የክኒኑ ብዛት፣ ከማናፈሻው በኋላ የተለካው ጋዝና የለካው ሰው ይጨመሩበታል።

ባዶውን ዕቃም መዝግብ። ስንት ጠርሙስ ከፈትህ፣ ስንቱ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ተበሳ፣ የት ተቀመጠ። የመርዝ ጀሪካን ዘይትና ውኃ መያዣ ሆኖ በየገበያው ሲዞር እያየሁ ነው ያረጀሁት።

ከደሴ የወጣሁ (አሜሪካ)፦

እትዬ የጻፉት ሁሉ እኔ እዚህ ከምሠራበት ሕግ ጋር ስለሚገናኝ ትንሽ ልጨምር። እዚህ አጠቃቀማቸው የተገደበ ተብለው የተለዩ ፀረ ተባዮች አሉ፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ አንዱ ነው። እነዚህን በክፍያ የሚረጭ ሰው በመንግሥት ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት፤ ዕድሜው ከ18 በታች መሆን የለበትም። ፈተናው አንድ የጋራ ክፍል አለው፤ ከዚያ እንደ ሥራው ዘርፍ የየራሱ ፈተና ይከተላል። የሕንፃ ተባይ አንድ ዘርፍ ነው፣ የመጋዘን ጋዝ ሌላ ዘርፍ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ልሠራ አልችልም። ወረቀቱ ቢበዛ በ5 ዓመት ያበቃል፤ ሥልጠና ወስዶ ወይም ተፈትኖ ማደስ ግድ ነው። መጋዘን ውስጥ ገብቶ ክኒን ለማስቀመጥ ደግሞ መለያ ጽሑፉ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች እንዲኖሩ ያዛል። ብቻውን የሚገባ የለም።

መዝገቡ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይያዛል፤ አንዳንዱ ክፍለ ግዛት ከዚያ ያስረዝመዋል። ደንበኛው በ30 ቀን ውስጥ ቅጂ ይደርሰዋል። እኔ በጣም የምወድደው ክፍል ግን ይህ ነው፦ በመርዙ የተጎዳ ሰው የሚያክም ባለሙያ መዝገቡን ከጠየቀ ይሰጠዋል፤ ድንገተኛ ከሆነ ወዲያውኑ ይነገረዋል። ይህ የአሜሪካ ሕግ ስለሆነ ኮምቦልቻ ላይ አያስገድድህም። አንተ ግን ደብተርህን በዚሁ መንገድ ብትይዝ ፋብሪካው የሚጠይቅህ ሁሉ እጅህ ላይ ይኖራል።

ንብ አናቢ (ሐይቅ)፦

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ፣ ከቤት ወጥተህ ማሳና ጓሮ መርጨት ከጀመርህ በዙሪያው ቀፎ ያለው ሰው መኖሩን ጠይቅና ይህንንም መዝገቡ ላይ ጻፈው። በእኛ በኩል በመስከረምና በጥቅምት አበባው ሲሞላ ንቡ ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው። ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ ወደ ማታ ቢረጭ፣ ከአንድ ቀን በፊትም ቢነገረን፣ ቀፎአችንን ለመከለል ጊዜ እናገኛለን። ቀፎ ሥር የሞተ ንብ ሲዘረገፍ ማን ምን እንደረጨ ለማወቅ የምንሄድበት ቦታ የለም፤ ሽንኩርት የሚያለማውን ስንጠይቀው የጠርሙሱን ስም አያስታውሰውም።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለነጋዴው እንደማልሠራ ዛሬ ነግሬዋለሁ፤ አልተደሰተም። ግን እህሉ እውነትም እየተነቀዘ ስለሆነ ባዶ እጄን ልተወው አልወደድሁም። ሌላ ምን ልበለው? መዝገቡንስ በስልክ ብይዘው ይሻላል ወይስ በደብተር?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ደግ አደረግህ።

ለነጋዴው እንዲህ በለው፦ እህሉን መኖሪያ ቤት ወደማይነካው መጋዘን ያውጣና ፈቃድና መለኪያ ያለው ባለሙያ እዚያ ያጥንለት። ለዘርና ለቤት ቀለብ የሚያስቀምጠው ጥቂቱ ከሆነ ደግሞ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ይግዛ፤ ፒክስ የሚሉት ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባበትና አፉ ጠብቆ ከታሰረ ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ራሱ ያልቃል፤ ያለ ምንም መርዝ። መጋዘኑን ባዶ በሆነበት ጊዜ ይጥረገው፣ በየስንጥቁ የቀረውን አሮጌ እህል ያውጣ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አይቀላቅል። ነቀዙ በአብዛኛው የሚነሳው ካለፈው ዓመት ጥራጊ ነው።

መዝገቡን በደብተር ያዝ። ገጹ የተቆጠረና የተሰፋ ይሁን፤ ቅጠሉ የሚላቀቅ አይሁን። በእስክሪብቶ ጻፍ፤ ስትሳሳት በአንድ መስመር ሰርዘህ ከጎኑ ፈርም እንጂ አትፋቅ። የምትጽፈው እዚያው ቦታው ላይ፣ ጠርሙሱ እጅህ ላይ እያለ ነው። ማታ ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ካልህ ቁጥሮቹ ከሐሳብህ ይመጣሉ። ከዚያ ገጹን በስልክህ ፎቶ አንሣና ቅጂውን አስቀምጥ። ያለፉትን ሥራዎች ከደረሰኙ ተነሥተህ አሁን ልሙላቸው አትበል፤ ለፋብሪካውም እውነቱን ንገረውና ከዛሬ ጀምረህ ያዝለት።

የንብ አናቢውን ቃል ለሁለቱ ወጣቶች አንብብላቸው። ደብዳቤውን ስታስገባ ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ አንዱ ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስደርገህ ከደብተሩ ጋር አስቀምጥ።