ሊጤ ደሴ ላይ አልቦካ አለኝ፤ ኦክስጅን አንሶት ይሆን?

ጥያቄ (ሙሽራዋ ከኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። በትዳር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። እናቴ ቤት በሁለተኛው ቀን አብሲት የምጥልለት ሊጥ እዚህ ሦስት ቀን ውሎ አድሮም ውሃው በቅጡ አይጠልልም። እንጀራው ዓይን የለውም። አማቴ ምንም አይሉም፤ ዝምታቸው ግን ይከብደኛል። ጤፉ ያው ነው፤ እርሾውም ከእናቴ ቤት የመጣ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማረው የባለቤቴ ወንድም፣ «ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኦክስጅን ያንሳል፤ እርሾው መተንፈስ አቅቶት ነው» አለኝ። እኔም የሰፈራችንን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ስለሚቆራረጥ እውነት መሰለኝና ትናንት ቡሃቃውን ከፍቼ አሳደርኩት። ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻለኛል?

መልስ (እትዬ ከሸዋ በር)
የኔ ልጅ፣ ቶሎ ክደኚው! ያጣው ሙቀት ነው እንጂ አየር አይደለም። ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃ አቡኪው። እጅሽን የሚያቃጥል ውሃ እርሾውን ይገድለዋል፤ ተጠንቀቂ። እርሾውን ከለመድሽው ጨመር አድርጊና ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ ምድጃው አጠገብ አሳድሪው። ሐምሌ ላይ እኔም በአራተኛው ቀን የምጋግርበት ጊዜ አለ፤ ሙያ የላትም ያለኝ የለም።

መልስ (የባዮሎጂ መምህር፣ ደሴ)
እትዬ ልክ ናቸው። እኔ ምክንያቱን ልጨምር።

እርሾ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ሊጥ ውስጥ ጉልበት የሚያገኙት በአብዛኛው ያለ ኦክስጅን ነው። ስድስት ካርቦን ያለውን ግሉኮስ የተባለ ስኳር ሰብረው ፓይሩቬት የሚባሉ ሁለት ባለ ሦስት ካርቦን ሞለኪውሎች ያደርጉታል፤ ከዚህም ሁለት ኤቲፒ ያተርፋሉ። ኤቲፒ ሕዋስ ሲያድግም ሲባዛም የሚያወጣው ዝርዝር ገንዘብ ነው በይው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግሉኮሱ ሲሰበር ኤሌክትሮኖቹን የሚሸከም ኤንኤዲ የተባለ ሞለኪውል አለ። ሸክሙን የሚያራግፍበት ካላገኘ ቀጣዩን ግሉኮስ መስበር አይቻልም። ስለዚህ ፈንገሱ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ባክቴሪያው ደግሞ ላክቲክ አሲድ እየሠራ ያራግፈዋል። እንጀራችን የሚኮመጥጠው ከአሲዱ፣ ዓይን የሚያወጣው ከጋዙ ነው። አልኮሉ ምጣድ ላይ ይተናል።

ይህን ሁሉ የሚያካሂዱት ኢንዛይሞች፣ ማለትም የሕዋስን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኢንዛይም ደግሞ ብርድ ያዘገየዋል። እንዲህ ባለው ሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ሹራብ ይፈልጋል፤ ሊጡም እንዲሁ።

መልስ (የኮምቦልቻ ልጅ)
እኛ ጋ ደግሞ በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን የረሳነው ሊጥ ኮምጥጦ ፊት ያስጨማድዳል። ብርዱን ብትልኩልን ደስ ይለናል።

ጥያቄ (የባልዋ ወንድም)
ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ግን መምህር፣ አንድ የቆየ መጽሐፍ ከአንድ ግሉኮስ 38 ኤቲፒ ይገኛል ይላል። እርሾው ለምን በ2 ይረካል? የእህታችንስ ትንፋሽ?

መልስ (የባዮሎጂ መምህር፣ ደሴ)
ጥሩ ጠየቅህ። 38 ምንም ነገር ሳይባክን ቢሠራ ተብሎ የተሰላ ነው። ዛሬ የሚሰጠው ግምት ከ30 እስከ 32 ነው። ኦክስጅን ሲኖር ፓይሩቬቱ ሚቶኮንድሪያ ወደተባለው የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ ክፍል ይገባል። ኤሌክትሮኖቹ ከአንዱ ተቀባይ ወደ ሌላው ሲወርዱ ፕሮቶን የተባሉ ቅንጣቶች ከሚቶኮንድሪያው ውስጠኛ ሽፋን ወዲያ ይገፋሉ፤ ተመልሰው ሲገቡ ኤቲፒ የሚሠራውን ኢንዛይም እንደ ውሃ ወፍጮ ያሽከረክሩታል። ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፒተር ሚቸል በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። አንዳንዱ ፕሮቶን ወፍጮውን ሳያሽከረክር ይሾልካል፣ ለማጓጓዣም የሚወጣ አለ። ሒሳቡ ከ38 የወረደው በዚህ ነው። በመጨረሻ ኤሌክትሮኖቹን የሚቀበለው ኦክስጅን ነው፤ እሱም ውሃ ይሆናል።

እርሾው በሁለት የሚኖረው በተከደነ ሊጥ ውስጥ አየሩ ትንሽ፣ ስኳሩ ግን በቂ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ስኳር ሲትረፈረፍለት አየር እያለም ማፍላቱን የማይተው የእርሾ ዓይነት አለ። ዳገት የሚወጣ ጡንቻ ግን በሁለት ኤቲፒ ብዙ አይራመድም፤ ለዚህ ነው የምናለከልከው።

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲመጣ የአየሩ ግፊት የሚቀንሰው ከ10 በመቶ በታች ነው። ዋናው ጥፋት የዳገቱ ይመስለኛል። ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ደምሽንም አስመርምሪ።

ከጠያቂዋ
እትዬ እንዳሉኝ ለብ ባለ ውሃ አቡክቼ በጋቢ ጠቀለልኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ጠልሎ አገኘሁትና አብሲት ጣልኩ፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ነካ። አማቴ ሁለተኛውን እንጀራ ራሳቸው ከምጣዱ አወጡት። ቁጭ ስል ትንፋሼ ደህና ነው። ጋቢው ግን የባለቤቴ ነበር፤ ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ ይላል።