አንዳንድ ጥናታዊ ጽሑፎች ከሌሎች ይልቅ አብዝተው የሚጠቀሱት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኅብረተሰብ ጤና የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ በተቀራራቢ ጊዜ ከታተሙ ጽሑፎች አንዱ በብዙ ተመራማሪዎች ሲጠቀስ፣ ሌላው በጥራት የማያንስ ሆኖ ሳለ የሚያነሣው ሲያጣ አያለሁ። ልዩነቱ ከምን ይመጣል? የመጀመሪያ ጽሑፌን ለጆርናል ከመላኬ በፊትስ ምን ላስተካክል?

መልስ (የባዮኬሚስትሪ መምህር)፦ አብዝቶ መጠቀስንና የግኝትን ታላቅነት ለይተው ይዩዋቸው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ በመጠቀስ የሚታወቀው ጽሑፍ ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ ሲሆን፣ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳወቁበት የ1953ቱ ጽሑፍ ግን ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2014 ባወጣው እጅግ የተጠቀሱ መቶ ጽሑፎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በዚያ ዘዴ ፕሮቲን የለካ ሁሉ ላውሪን ይጠቅሳል፤ ታላቅ ግኝት ግን ውሎ አድሮ በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚገባ ምንጩን የሚጠቅሰው ይቀንሳል። ስለዚህ የናሙና አወሳሰድዎንና የትንተናዎን ሂደት ሌላ ሰው ሊሠራበት በሚችል ዝርዝር ይጻፉ፤ በአማርኛ አዘጋጅተው አስተማማኝነቱን የፈተኑት መጠይቅ ካለዎትም ሙሉውን በአባሪነት ያያይዙ። ብዙዎች ይህን ይተዉታል፤ እጅግ ያሳዝናል።

መልስ (የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ)፦ ዝናም ድርሻ አለው። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት መርተን በ1968 ይህን ሁኔታ፣ «ላለው ይጨመርለታል» ከሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል በመነሣት፣ «የማቴዎስ ውጤት» ብሎታል፤ የታወቀ ሰው ሥራ ቶሎ ይነበባል፣ የተጠቀሰም እንደገና ይጠቀሳል።

መልስ (የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ)፦ ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ አንዱ ጆርናል በራስ ስም ሌላው በአባት ስም ይመዘግባል፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በ«ቲኤስ» ሌላ ጊዜ በ«ቲ» ብቻ ሲጀመር ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ የሁለት ሰዎች መስሎ ይቀመጣል። አጻጻፉን ከመጀመሪያው ጽሑፍዎ ጀምረው ይወስኑና ስምዎ እንዴትም ቢጻፍ ሥራዎችዎን በአንድ የሚያያይዘውን የኦርኪድ (ORCID) የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያውጡ፤ በነፃ ነው።

ጠያቂ፦ ከልብ አመሰግናለሁ። የራሴን የቀድሞ የጉባኤ ጽሑፍ ብጠቅስስ?

መልስ (የባዮኬሚስትሪ መምህር)፦ አዲሱ ሥራ በእርግጥ በእርሱ ላይ የቆመ ከሆነ ይጥቀሱት፤ ቁጥር ለማብዛት ብቻ ከሆነ ግን ይተዉት፤ ገምጋሚዎች ያስተውሉታል።