የሲሸልስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሪክ፦ የጋራ ሐሳባችንን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በባለፈው ስብሰባ የዘንድሮው የጥናት ምሽታችን በአንድ የውጭ አገር ፍርድ ቤት ታሪክ ላይ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ብዙ ድምፅ ያገኘው በሕንድ ውቅያኖስ ያለችው የደሴቶች አገር የሲሸልስ ነው። ለሥራ አመራሩ የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ ጽፈን እንጨርስ። መነሻ ይሁን ብዬ ይህን ጽፌያለሁ፦ «ማኅበሩ የሲሸልስን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሪክ ከ1903 እስከ ዛሬ በሦስት ምሽት ያጠናል።» ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ቁረጡ፣ ጨምሩ።

ጠበቃዋ አባል፦
እህቴ፣ መነሻው ጥሩ ነው። ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የመጨረሻውን እርከን ነው፤ ሰበር ያለበትን። የሲሸልሱ ግን ምስክር ቃለ መሐላ ፈጽሞ የሚቆምበት፣ ከባድ ወንጀልና ትልልቅ የፍትሐ ብሔር ክስ ከሥር፣ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚታይበት ችሎት ነው። ከሱ በታች አነስተኛ ጉዳይ የሚያዩ የማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ከሱ በላይ የይግባኝ ፍርድ ቤት አለ። ይህን አስቀድመን ካልነገርን ታዳሚው ሁለት ሰዓት ሙሉ ግራ ሲጋባ ያመሻል።

መምህሩ አባል፦
ልክ ብለሻል። እኔ ደግሞ ከ1903 መነሳታችን አልተዋጠልኝም። ሥሩ ከዚያ በፊት ነው። ደሴቶቹ ላይ ከ1770 ጀምሮ የሰፈሩት ፈረንሳዮች ናቸው። በ1814 በውል ለእንግሊዝ ሲያልፉ እንግሊዝ የነበረውን የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አላነሳችም። ውርስ፣ ጋብቻ፣ መሬት በፈረንሳይ ሕግ ቀጠለ። ወንጀሉ፣ ማስረጃው፣ የክርክሩ ሥርዓት ግን እየዋለ እያደረ የእንግሊዝ ሆነ። ያኔ ሲሸልስ የምትተዳደረው ከሞሪሸስ ነበር። በ1903 ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት ስትሆን ነው ይህ ፍርድ ቤት የተቋቋመው፤ ሥልጣኑም በገንዘብ መጠን ያልተገደበ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጉዳዩ የኛም ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ደግሞ የእንግሊዝ ወገን ጠረን አለው። ሁለቱን ወንዞች አንድ ችሎት ውስጥ ማገናኘት ምን እንደሚመስል የኛ ዳኞች ያውቁታል። ልዩነቱ ይኸው ነው፦ እኛ መርጠን አመጣነው፤ እነሱ ላይ ጌታ ሲቀያየር ተደራረበባቸው። እኔ ከምንም በላይ እንድናጠናው የምፈልገው ይህን ነው።

የሚገርመው ደግሞ የፈረንሳዩን ሕግ በእንግሊዝኛ እንደገና ጽፈው ከጥር 1976 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉት። ነፃነታቸው የመጣው በዚያው ዓመት ሰኔ 29 ነው። ያንን ሕግ በሌላ የተኩት ገና በ2021 ነው።

ከሚኒያፖሊስ የሚሳተፈው አባል፦
ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ወጣቱን አዳራሽ የሚያስገባው የባሕር ወንበዴዎቹ ችሎት ነው። ታኅሣሥ 2009 ሌሊት ላይ አንድ እናት ጀልባ፣ ማለት ትናንሾቹን የሚያጅብ ትልቅ ጀልባ፣ እና ሁለት ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች «ቶፓዝ» የምትባለውን የሲሸልስ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ተኮሱባት። 11 ሶማሌዎች ተያዙ። ሐምሌ 2010 ዳኛው በባሕር ውንብድና ጥፋተኛ ብለው ለእያንዳንዳቸው 10 ዓመት ፈረዱ። መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት አገር የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ችግር ተሸክማ ዳኘች። በዚያ ይከፈት እላለሁ።

ጠበቃዋ አባል፦
ወንድሜ፣ ይግባ፤ የጀብዱ ወሬ ሆኖ ብቻ እንዳይቀር። እኔን የያዘኝ ፍርዱ ውስጥ ያለው ሥራ ነው። የድሮው የወንጀል ሕግ ውንብድናን ራሱ አይተረጉመውም ነበር፤ ዳኛው ትርጉሙን ከእንግሊዝ ሕግ ሊፈልጉ ግድ ሆነባቸው። ሕጉን ያሻሻሉት በ2010 ነው፤ ከጥቃቱ በኋላ። ዐቃቤ ሕግ የሽብር ክስም ጨምሮ ነበር፤ ከሱ ነፃ ወጡ። ተከሳሽ የጠላ ሕዝብ ፊት አንዱን ክስ ከሌላው መለየት ቀላል አይደለም። ወንበዴ ነው ብሎ ሁሉንም አሸክሞ መሸኘት ይቀል ነበር። ዳኛው እንዲያ አላደረጉም፤ እኔ ለዚህ ክብር አለኝ።

የሕግ ተማሪው አባል፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ያንን ችሎት የመሩት ዳኛ ዱንካን ጋስዋጋ ናቸው፤ ዑጋንዳዊ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፍሬድሪክ ኤጎንዳ-ንተንዴም ዑጋንዳዊ ናቸው። የ1993ቱ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ ዳኛ በውል እንዲሾም ይፈቅዳል፤ ውሉ ግን ከሰባት ዓመት አይበልጥም። አገሬው ጡረታ እስኪወጣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እንግዳው ግን ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። ታዲያ እንግዳው መንግሥትን የሚነካ ክስ ሲመጣበት ነፃነቱን ምን ይጠብቅለታል? በሌላ በኩል ሁሉም ሰው ዘመድ በሆነበት ደሴት እንግዳ ዳኛ ገለልተኛ ነው ይባላል። ሁለቱም ያስኬዳል። በ2015 ሲሸልሳዊቷ ማቲልዳ ቱሚ የመጀመሪያዋ ሴት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሦስተኛው ምሽት በዚህ ጥያቄ ላይ ይሁን።

መምህሩ አባል፦
ጎበዝ! እኔ ተቀብያለሁ። በ1981 የሲሸልስን መንግሥት ለመገልበጥ የሞከሩት ቅጥረኛ ወታደሮች የ1982 ችሎትም እዚያው ይግባ። አራቱ ሞት ተፈርዶባቸው በ1983 ተለቀው ሄዱ። ፍርድ ቤት የፈረደውን ፖለቲካ ሲፈታው ማየት ነው።

አስተባባሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተስተካከለው ይኸው፦

«ማኅበሩ የሲሸልስን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሪክ በሦስት ምሽት ያጠናል። ይህ ፍርድ ቤት የአገሪቱ ከፍተኛው የሥር ክርክር ችሎት ሲሆን በላዩ የይግባኝ ፍርድ ቤት አለ። አንደኛው ምሽት ከ1770 እስከ 1976 ስለ ተደባለቁት ሕጎችና ከኛ ሕጎች ጋር ስላላቸው መመሳሰል። ሁለተኛው ስለ 2010ሩ የባሕር ውንብድና ፍርድ፤ ፍርዱ ራሱ ይነበባል። ሦስተኛው ስለ ዳኞች ሹመትና ነፃነት።»

ፍርዶቹ ሲሸልስ ነፃ የሕግ መረጃ በምታወጣበት ድረ ገጽ ስላሉ ለመጽሐፍ በጀት አንጠይቅም። የምንጠይቀው አዳራሽና የፎቶኮፒ ብቻ ነው። በዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ሰዓት ማማው አጠገብ ያለው አሮጌው የፍርድ ቤት ሕንፃ ዛሬ የታሪክ ሙዚየም ስለሆነ የሱን ፎቶ ለማስታወቂያው እንጠቀም። ጋሼ አንደኛውን፣ ጠበቃዋ ሁለተኛውን፣ ተማሪያችን ሦስተኛውን ይያዙ። እስከ ዓርብ ተቃውሞ ከሌለ ሰኞ አስገባዋለሁ።