ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ የጓሮ ኩሬ ለምትሠሩ፣ ከሚነጠፈው ላስቲክ እስከ ዓሣው

የኩሬዬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ምን አነጠፍክበት? ዓሣውን ከየት አመጣኸው? አይሸትም ወይ? ቢንቢ አያራባም ወይ? ለእያንዳንዱ መመለስ ስላልቻልኩ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። ዋጋ አልጠራም፣ ዛሬ የተባለው ለሳምንት አይቆይም። ግን የቱ ከየቱ እንደሚሻልና የቱ ገንዘብ እንደሚበላ እነግራችኋለሁ። ሁለት ኩሬ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ፈርሷል፣ ሁለተኛው ይኸው ሦስተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው።

ከውሃው እንጀምር፣ ጎንደር ነንና። የኔ ኩሬ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 4,800 ሊትር ይይዛል። በ20 ሊትር ጀሪካን 240 ጀሪካን ማለት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ከቧንቧ እሞላለሁ ማለት ከቤተሰብም ከጎረቤትም ያጣላል። ቦቴ ማስመጣት ይቻላል፣ እኔም የመጀመሪያውን የሞላሁት በቦቴ ነው። አሁን የምመክረው ግን ጣሪያችሁን ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 1,000 ሊትር ገደማ ውሃ ነው። በሐምሌ አምስት ስድስት ደህና ዝናብ ኩሬውን ይሞላዋል። የሚያስፈልጋችሁ አሸንዳና ቱቦ ብቻ ነው። አሸንዳውን የሚሠሩት ቆርቆሮ ሠራተኞች ልኬቱን ግቢያችሁ ድረስ መጥተው ቢወስዱ ይሻላል፣ እኔ በስልክ ነግሬ ያሠራሁት አጥሮ ሌላ ቅጥያ አስገዝቶኛል። የመጀመሪያውን የሰኔ ዝናብ ወደ ውጭ ልቀቁት፣ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው።

የቧንቧ ውሃ ከተጠቀማችሁ ክሎሪኑ እስኪወጣ ቢያንስ ሁለት ቀን ክፍቱን፣ ፀሐይ እየመታው ይቀመጥ። ይህን ሳያደርጉ ዓሣ መጨመር ዓሣውን መግደል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ምን ይነጠፍ የሚለው።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት በሲሚንቶ ነው። ግንበኛው የሴፕቲክ ታንክ ሥራው የተመሰገነ ሰው ነበር። ኩሬና ሴፕቲክ ግን አንድ አይደሉም። የኛ ግቢ አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ፌሮ ያልገባበት ቀጭን ሲሚንቶ ከአፈሩ ጋር አብሮ ተንቀሳቀሰና በየካቲት ጥጉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ውሃው በየቀኑ ሁለት ጣት እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን የባሰው ደርሶ ነበር። ግንበኛው “አምስት ቀን ይበቃዋል” ስላለኝ በስድስተኛው ቀን ዓሣ ጨመርኩ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ፊት ላይ ነጭ ስስ ነገር ተንሳፍፎ፣ ስምንቱም ዓሦች በጎናቸው ተኝተው አገኘኋቸው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃው ይለቃል፤ ውሃው እንደ አመድ ውሃ ይሆናል። ሲሚንቶ የመረጣችሁ ካላችሁ ሞልታችሁ ሳምንት አቆዩት፣ ድፉት፣ እንደገና ሙሉት፣ ይህን ሦስት ጊዜ ሳታደርጉ ዓሣ አታስቡ። በዚህ የውሃ ችግር ሦስት ጊዜ መሙላት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ሁለተኛውን በጂኦመምብሬን ሠራሁት። ገበሬዎች ለውሃ ማቆሪያ የሚያነጥፉት ጥቁሩ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ በ1990ዎቹ የውሃ ማቆር ዘመቻ ጊዜ ያየ ሰው ያውቀዋል። በሜትር እየተቆረጠ ይሸጣል። የግብርና ዕቃ የሚሸጡትም የግንባታ ዕቃ የሚሸጡትም ጋ ጠየቅሁ። የግብርና ዕቃ ሻጮቹ ስለ ውፍረቱ ስጠይቃቸው ይመልሱልኛል፣ ሌሎቹ “ወፍራም ነው” ብቻ ነው የሚሉት። ከ0.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ አትግዙ። ልኬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የኩሬውን አፍ ብቻ ለክቶ ይገዛል። የኔን ውሰዱ፦ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ በሁለቱም በኩል 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዝ ላይ የሚታጠፈው በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር። ሲደመር 5 ሜትር ከ20። በወርዱ ደግሞ በዚያው ስሌት 4 ሜትር ከ20። ሳይቀጣጠል አንድ ወጥ ሆኖ ቢገኝ ይመረጣል። መቀጠል ግድ ከሆነ በማሽን የሚበይድ ሰው ፈልጉ፤ ሙጫ ነገር አይሆንም፣ እኔ ሞክሬ በሳምንቱ ተላቋል።

ከሥሩ ጠጠር እንዳይወጋው መጀመሪያ የተነፋ አሸዋ፣ ከዚያ አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ደራርቤ አነጠፍኩ። ይህን አትዝለሉት። የኛ ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለት ነው።

ለቤት ግንባታ የሚነጠፈው ቀጭን ጥቁር ላስቲክስ ላላችሁኝ፣ ፀሐይ በዓመቱ ያደርቀውና እንደ ቅጠል ይሰባበራል። ሸራም እንዲሁ፣ ስፌቱ ያፈሳል። ሁለቱንም እርሱት። ባዶ መሬት ላይ ብቻ የሞሉ ሰዎች አሉ፣ መረሬው እርጥብ እስከሆነ ይይዛል፣ ውሃው ዝቅ ብሎ ጠርዙ የደረቀ ቀን ግን ይሰነጠቅና አብሮት ያለውን ሁሉ ይጠጣል።

ለቁፋሮው ማሽን አያስፈልግም። ሁለት የቀን ሠራተኛ፣ ዶማና አካፋ፣ ሁለት ቀን። የሚወጣውን አፈር የት እንደምትደፉት አስቀድማችሁ አስቡ፣ እኔ አላሰብኩም ነበርና የአጥሬ ሥር አሁንም ኮረብታ ነው። አንዱን ጥግ ደረጃ አድርጉት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ተክሎቹ እዚያ ይቆማሉ፤ ልጅም ድመትም ቢወድቅ የሚወጣበት ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ግን ደረጃው አይበቃም፣ ዙሪያውን አጥር አድርጉ። ይህን በጣም አደራ እላለሁ።

ዓሣው ላይ ስንመጣ ሦስት ምርጫ አለ።

ቆረሶ (ቲላፒያ) የመጀመሪያው ነው። ጠንካራ ነው፣ የተገኘውን ይበላል። ግን ሙቀት ይወዳል። ጎንደር ከጣና ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ዓሣው በእነዚያ ወራት አይበላም አያድግምም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነው ጥልቀቱን ከ80 ሳንቲ ሜትር አታሳንሱ የምለው፤ ጥልቅ ውሃ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ሌላው ነገር መራባቱ ነው። ወንድና ሴት አብረው ካሉ በዓመቱ ኩሬው በጣት በሚያህሉ ዓሦች ይሞላና አንዱም አያድግም።

አምባዛን ብዙ ሰው ይመክራል፣ የቆረሶን ጫጩት ስለሚበላ ቁጥሩን ይይዛል ይላሉ። እውነት ነው። እኔም ሁለት አስገብቼ ነበር። አምባዛ ግን አየር ይተነፍሳል፣ በዝናብ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ይሳባል። አንድ የሐምሌ ጠዋት አንዱን ከኩሬው ስምንት እርምጃ ርቆ ጎመኑ መሀል አገኘሁት። ጢሙ ጭቃ ለብሶ፣ ጉንጩ አሁንም ይንቀሳቀሳል። በእርጥብ ጆንያ አንሥቼ መለስኩት፣ ተረፈ። ጠርዙን በድንጋይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካደረግሁ ወዲህ አልወጣም።

ሦስተኛው ጎልድፊሹ ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው። ለማየት ከሆነ ለጎንደር ብርድ ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው። ለምግብ አይሆንም እንጂ።

ከየት ይገዛ? ጎርጎራ ወርዶ ከአጥማጆች መግዛት ቅርብ ነው፣ ግን በመረብ የተያዘ ዓሣ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ያበቅልና በሳምንት ውስጥ ይሞታል። ከአምስቱ ሁለቱ ናቸው የተረፉልኝ። ባሕር ዳር ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል በጣና ዓሦች ላይ የሚሠራ ነው። ጫጩት ለሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያለበት እዚያ ነው። ጫጩት ከትልቅ ዓሣ ይልቅ መንገዱንም አዲሱን ውሃም ይችላል። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ባለው ቀን እንዳይመገቡ፣ ጉዞውም ማለዳ ይሁን። ቤት ስትደርሱ ዓሦቹ የመጡበትን ፌስታል እንደታሰረ ኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጨመራችሁ ልቀቋቸው።

ከሁሉም በፊት ግን ኩሬው ሞልቶ፣ ተክሉ ገብቶ፣ ሦስት አራት ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆይ። የዓሣውን ኩስ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች መባዛት የሚጀምሩት በዚያ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሦስት ዓሣ፣ ከወር በኋላ ሌላ ሦስት። በእኔ ኩሬ ልክ ከ12 አትለፉ።

አሁን ተክሉ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

አምና አንድ የችግኝ መሸጫ ገባሁ። ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ተክል አየሁ። ቅጠሏ ያብረቀርቃል፣ እግሯ እንደ ስፖንጅ ያበጠ፣ አበባዋ ወይን ጠጅ ሆኖ መሀሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። “የውሃ አበባ ናት ጋሼ፣ ለኩሬ ትሆናለች፣ ምንም እንክብካቤ አትፈልግም” አለኝ ልጁ። እንቦጭ ነው! ልጁ ክፋት የለበትም፣ አያውቅም። ቁጭ ብዬ አሳየሁት፣ ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እያነቀ ያለው ይኸው ነው አልኩት። ደንግጦ ባልዲውን ከፀሐይ ላይ ደፋው፣ እስኪደርቅም አብረን ጠበቅነው።

በግቢዬ ብቻ ነው የማቆየው አትበሉ። ሲስማማው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ኩሬያችሁ በነሐሴ ሞልቶ ሲፈስ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ቀሃ ወይ ወደ አንገረብ፣ ከዚያ መገጭ፣ ከመገጭ ጣና። የጎንደር ጓሮ ሁሉ የጣና ደጃፍ ነው። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ጎልድፊሹንም የምለው ይኸው ነው፦ የትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት እሰሩ፣ የሰለቻችሁን ዓሣ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ።

ታዲያ ምን ይተከል? ደንገል። ታንኳ የሚሠራበት የኛው ደንገል። ደረጃው ላይ በአሮጌ ባልዲ ጠጠርና አፈር ሞልታችሁ ትከሉት፣ ባልዲ ውስጥ ካልሆነ ሥሩ ይስፋፋል። ቄጠማም በጠርዙ ያምራል፣ ለበዓል ደግሞ ከጓሮ ታጭዳላችሁ። ቅጠሉን ውሃ ላይ የሚዘረጋው የጣና ነጭ አበባ ካገኛችሁ አንድ ሥር ይበቃል። የውሃው ፊት ግማሽ ያህሉ ጥላ ይሁን፤ ፀሐይ የመታው ውሃ አረንጓዴ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ሥር ግን አትቆፍሩ፣ ቅጠሉ ውሃውን ያበላሻል።

ፓምፕ ልግዛ ወይ ብላ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጠይቃኛለች። እታለም፣ በመጀመሪያው ዓመት አትግዢ። ሱቅ ያለችው ትንሿ የሶላር ፏፏቴ ባትሪ የላትም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትቆማለች። ዓሣው አየር የሚያጥረው ደግሞ ሌሊት ነው፤ ሌሊት ተክሉም ራሱ አየሩን ይሻማል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተሽ ዓሦቹ ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ካገኘሻቸው በዝተዋል ማለት ነው፣ ቀንሺ። በመብራት የሚሠራውም መብራት ሲጠፋ ያው ነው። ገንዘብ ካለሽ ባትሪ ያለውን ሶላር ፈልጊ።

ምግብ ላይ የፋብሪካ መኖ መፈለግ ግድ አይደለም። ፉሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ደቅቆ ተቀላቅሎ፣ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። የተረፈው ወርዶ ይበሰብሳል፣ የሚሸተውም እሱ ነው። የኔ ዓሦች ፉሩሽካ የያዝኩበትን የቆርቆሮ ክዳን ድምፅ ያውቁታል፣ ሳንኳኳው ከደንገሉ ሥር ተሰልፈው ይመጣሉ። በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን ቀድቼ ጎመኑንና ቃሪያውን አጠጣለሁ፣ በምትኩ ከሮቶው እጨምራለሁ። ጎመኑን አይታችሁ ማዳበሪያ ምን አደረግህበት ትሉኛላችሁ።

ቢንቢውን በተመለከተ፣ ዓሣ ባለበት ኩሬ ዓሣው የቢንቢውን እጭ ይበላል። ቢንቢ የሚራባው ዓሣ በሌለበት ውሃ ውስጥ ነው፣ እንደ ባዶ ጎማና ክፍት በርሜል ባለው። ዓሣ ሳይገባ ባሉት ሦስት አራት ሳምንታት ግን ኩሬውን በመረብ አጎበር ሸፍኑት፤ እኔ አሮጌ የአልጋ አጎበር ነው የተጠቀምኩት።

ደንገል ለምትፈልጉ፣ የኔ ባልዲውን ሞልቶታል። ሰኔ ሲገባ እከፍለዋለሁ። ባልዲ ይዛችሁ ኑ፣ ገንዘብ አልፈልግም።