ጅማ፦ ቤት የምናስታምማት ልጅ ሞርፊን ታዞላታል፣ እናቷ ፈራች

ጠያቂ (አክስት፣ ሄርማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፣ ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ የሚያድናት ሕክምና እንደሌለ ነግረውን ፈሳሽ ሞርፊን (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) ይዘን ቤት ገባን። በየ4 ሰዓቱ ነው የታዘዘው። እናቷ ግን «ሱስ ይሆንባታል፣ ሞቷን ያፋጥነዋል» ብላ፣ ልጅቷ ስትጮህ ብቻ ነው የምትሰጣት። ልጅቷ ምግብም እምቢ ብላለች። ትናንት ደግሞ «አክስቴ፣ ልሞት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የሕፃናት ነርስ
እህቴ፣ እግዜር ያበርታችሁ። ሐኪም ባዘዘው ልክ ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሱሰኛ አያደርጋትም፣ ሞቷንም አያፋጥንም። እስክትጮህ መጠበቁ ነው ክፉው። ሕመሙ አንዴ ከበረታ ማስታገስ ይከብዳል። ሰዓቱን መያዝ ቀላል ነው፦ 12፣ 4፣ 8፤ ቀንም ሌሊትም ያው ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ እንጂ በሻይ ማንኪያ አትገምቱ። መጀመሪያ አካባቢ እንቅልፍ ሊጫጫናት ይችላል፣ እየቆየ ይተዋታል። ስትቀሰቅሷት አልነቃ ካለች ወይም አተነፋፈሷ በጣም ከዘገየ ግን ቀጣዩን ሳትሰጡ ሐኪሟ ጋ ደውሉ። ሆድ ማድረቁ አይቀርም። ማለስለሻ ካልታዘዘላት ዛሬውኑ ጠይቁ።

ፋርማሲስት
በመሃል ቢያማት ትራማዶል ወይም ኮዴይን የሚባሉትን ማስታገሻዎች ገዝታችሁ አትደርቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ (በ2019 ቢነሣም) ለልጆች ያስቀመጠው እነዚህ የሌሉበት ሁለት ደረጃ ነበር፦ ለቀላሉ ሕመም ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፣ ከዚያ ለሚብሰው ሞርፊን። በመሃል የሚሰጥ ተጨማሪ መጠን ሐኪሙን አስጽፉ። የሞርፊን ማዘዣ ልዩ ነው፣ መድኃኒቱም በየመደብሩ አይገኝም። ክትትሏ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከሆነ ሐሙስ ላይ ጠርሙሱን አይታችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይደርስ አስሞሉ። ሌሎች ልጆች እንዳያገኙት ቆልፉበት።

እናት (አጋሮ)
እኔም ልጄን ቤት አስታምሜ ነው የሸኘሁት። በምግብ አታስጨንቋት። ጎረቤት ሁሉ «አጉርሷት» ይላል፤ ሰውነት ሲደክም እኮ ረሃቡም ይጠፋል። አጥሚት ካማራት ሁለት ማንኪያ ይበቃታል። ካልፈለገች ከንፈሯን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አርጥቡላት።

ለጥያቄዋ «አትሞቺም» አትበያት፣ ልጆች ያውቃሉ። «ምን አሳሰበሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። የኔ ልጅ የፈራው ብቻውን መሆንን ነበር። «አልለይህም፣ ካመመህም መድኃኒት አለ» ስለው ተረጋጋ። በጥፋቷ እንዳልታመመችም ንገሯት፣ ልጆች ቅጣት ይመስላቸዋል። ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው ሲበዛባት ደግሞ ሳሎን አስቀምጣችሁ ቡና አፍሉላቸው፣ እሷ ትረፍ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቷ አነበብኩላት፣ የ8 ሰዓቱን ራሷ ሰጠቻት። ጠበል ልንወስዳት አስበን ነበር። ሞርፊኑን እናቁም?

የሕፃናት ነርስ
በጭራሽ አታቁሙ። ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል፣ ሰውነቷም ይረበሻል። መንገዱም ያንገላታታል። ጠበሉን ቤት አምጡላት፤ መዋጥ እስከቻለች ድረስ ጥቂት ትቅመስ፣ ካልሆነም ግንባሯን ቀቡላት። የማታው 12 ሰዓት አይለፍባችሁ።