ክርክር፦ ለማትሪክ በሚዘጋጅ ትምህርት ቤት የቆርኪ ጨዋታ ቦታ አለው?

የሒሳብ መምህር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በሳምንት ካሉን የሒሳብ ፔሬዶች አንዱ ለጨዋታና ለዲስክሪት ሒሳብ (አንድ ሁለት ተብለው የሚቆጠሩ ነገሮችን ለሚያጠናው ሒሳብ) ጥያቄዎች ይሰጥ እላለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። 21 ቆርኪ ዴስክ ላይ ይደረጋል። ሁለት ልጆች በየተራ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ያነሳሉ። የመጨረሻዋን ያነሳ አሸነፈ። መጀመሪያ እንደመጣላቸው ያነሳሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ «አራት ቀርቶ ተራው የኔ ከሆነ አለቀልኝ» ትላለች። ቀጥሎ ስምንትም፣ አሥራ ሁለትም እንደዚያው መሆኑ ይገባቸዋል። ስለዚህ ጀማሪው አንድ አንስቶ 20 ከተወ፣ ከዚያም በየዙሩ ወደ አራት ብዜት ካወረደ ያሸንፋል። ይህን ሲደርሱበት ሕጉን እገለብጣለሁ፦ የመጨረሻዋን ያነሳ ይሸነፍ። ቆርኪው ያው 21 ነው፤ አሁን ግን ጀማሪው ተሸናፊ ነው። ክፍሉ በሙሉ «እንዴት ሆኖ?» ይላል። እኔ የምፈልገው ይህንን ጥያቄ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
መምህር፣ ድካምዎን አከብራለሁ። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ልጄን የሚጠብቃት ይህ ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ እንዴት እንዳሰበች የሚጠይቃት የለም። መጽሐፉ ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል። ለቆርኪ የሚሆን ሰዓት ከየት ይመጣል?

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦
እናቴ፣ ያሉት ቁጥር እኮ ለመምህሩ ይመሰክራል። ያ ሁሉ ልጅ የወደቀው በጨዋታ ተጠምዶ አይደለም። ፎርሙላ ሲሸመድድ ነው የከረመው። እኔም እንደዚያ ተምሬ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። ዲስክሪት ማትስ ስንጀምር «አረጋግጡ» ሲባል ብዙዎቻችን እስክሪብቶ ይዘን ቀረን። እኔን ያነቃኝ ኮኒግስበርግ የምትባል የድሮ የአውሮፓ ከተማ ድልድዮች ጥያቄ ነው። ሰባቱንም ድልድዮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማዋን መዞር ይቻላል ወይ? የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1736 እ.ኤ.አ. እንደማይቻል አሳየ። አንድን ሰፈር አቋርጠህ ባለፍክ ቁጥር አንድ ድልድይ ለመግቢያ፣ አንድ ለመውጫ ትጠቀማለህ። ስለዚህ ከመነሻውና ከመድረሻው በቀር የእያንዳንዱ ሰፈር ድልድይ ጥንድ ጥንድ መሆን አለበት። የከተማዋ አራት ክፍሎች ግን 5፣ 3፣ 3 እና 3 ድልድይ ነበራቸው፤ ሁሉም ጎዶሎ። አለቀ። ይህን ለመረዳት መደመር ከሚችል ልጅ በላይ አያስፈልግም።

የገጠር ትምህርት ቤት መምህር፦
ሐሳቡ ያምራል። ክፍሉን ግን እዩት። እኔ 60 ተማሪ ነው የማስተምረው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስሰጥ መልሱን የሚያገኙት ያው ሦስቱ ጎበዞች ናቸው፤ ሌላው ከእነሱ ይገለብጣል። ክፍልፋይ መደመር ያልቻለ የ9ኛ ክፍል ልጅ አለኝ። መጀመሪያ እሱን ላድነው።

የሒሳብ መምህር፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ ለክፍሉ በጅምላ ከተሰጠ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት። ማንም ተመልካች አይሆንም። ከመጫወታቸው በፊት ማን እንደሚያሸንፍ ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ክፍልፋይ ያቃተው ልጅም ጎበዙን የሚረታበት ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ እጁን ማውጣት ይጀምራል። ክፍልፋዩንም የማስተምረው ያኔ ነው።

ከጎንደር፦
ቆርኪ ከምንፈልግ የራሳችን ገበጣ እያለ?

የሒሳብ መምህር፦
ገበጣን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን ይከብዳል። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንድ እርምጃ ብዙ ጉድጓድ ይቀይራል። ልጁ ትንሹን ጉዳይ ነጥሎ ማየት አይችልም። በቆርኪው ግን ከ1፣ ከ2፣ ከ3 ተነስቶ ሠንጠረዥ ይሠራል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ይሁን፤ ፈተናው ላይ ምን ይጠቅማታል?

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦
አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ሰርግ ቤት 10 ሰዎች ሁሉም እርስ በርስ ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል? የመጀመሪያው 9 ሰው ይጨብጣል፣ ቀጣዩ 8 አዲስ ሰው፣ እያለ ይወርዳል። ድምሩ 45 ነው። ይህ የ12ኛ ክፍል የሲኩዌንስና ሲሪስ ምዕራፍ ነው። ራሷ ያገኘችው ፎርሙላ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ቢጠፋባት እንኳ መልሳ ትሠራዋለች።

የገጠር ትምህርት ቤት መምህር፦
ለ12ኛ ክፍል አሁንም አልስማማም። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው የቀደሙ ፈተናዎችን መሥራት ነው። ታች ክፍል ላይ ከሆነ ግን እሺ።

የሒሳብ መምህር፦
ታች ደግሞ 6ኛም 8ኛም ሚኒስትሪ አለባቸው፤ ወላጅ እዚያም ይሟገተኛል። 9ኛ ክፍል ላይ ፈተና የለም። ዓርብ የመጨረሻውን ፔሬድ ለ9ኛ ክፍል እንስጠው። አንተም በአንድ ሴክሽን ብቻ ሞክረውና ሌላውን እንደለመድከው አስተምር። በሴሚስተሩ መጨረሻ የሁለቱንም ውጤት እዚሁ እናውጣው።

የገጠር ትምህርት ቤት መምህር፦
ፈተናው ለሁለቱም ሴክሽን አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የሚያርመውም ሌላ መምህር ከሆነ እገባለሁ።