እስከ 11 ሰዓት ፈርሚ ተብያለሁ፣ መብራትም የለም

ፅጌ_አራት_ኪሎ (6:05)
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ፣ ላፕቶፔ 31 በመቶ ነው የቀረው። መብራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የለም። ዛሬ ከቤት የምሠራበት ቀን ነው። ቅድም ከሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። እስከ 11 ሰዓት ፈርመሽ መልሺ ይላል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ይቀጥላል። ግን በእነዚያ ቀናት እስከ ማታ 3 ሰዓት ስልክና ቴሌግራም ላይ መገኘት አለብኝ። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሳልሠራ ከቀረሁ ደግሞ ከዓመት ፈቃዴ ይቀነሳል። ያልፈረመ ከሰኞ ጀምሮ አምስቱንም ቀን ቢሮ ይገባል። ልፈርም ወይስ ልተወው?

ሽሮ_ፈሰስ (6:08)
መጀመሪያ ባትሪሽን አድኚ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ። ስልክሽን በላፕቶፑ ቻርጅ እንዳታደርጊ፣ ይጠባልሻል።

ፋይል_ቁጥር_7 (6:10)
የግል ነው የመንግሥት? ቢሮሽስ የት ነው? ይኼን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስ?

ፅጌ_አራት_ኪሎ (6:11)
የግል። ሜክሲኮ።

እውነቱ_ይነገር (6:14)
ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ! ለዚህ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ? በእግርሽ ብትሄጂ እንኳን አንድ ሰዓት አይሞላም። እህቴ፣ ከቤት መሥራት ውለታ እንጂ መብት አይደለም። ድሮ ሥራ ማለት ቢሮ መግባት ነበር፣ አለቀ። አሁን ቃለ መጠይቅ የመጣ ልጅ ሁሉ ከደሞዙ በፊት "ስንት ቀን ከቤት ነው?" ይላል።

የኮዬ_ልጅ (6:17)
እኔ ነኝ ያ ልጅ። ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ከንጋቱ 11:30 ከቤት እወጣለሁ። ማታ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ አለ። ድሮ ልጆቼን የማውቃቸው ተኝተው ነው። ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ስጀምር የትንሹን የጠዋት ፊት አየሁት፣ ሲነሳ ለካ ይስቃል። አሁን ሌላ ቢሮ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ጨምሮ ቢጠራኝ አልሄድም። ቅንጦት አትበለኝ።

ጡረተኛው_መምህር (6:25)
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኮሮና በመጋቢት 2012 አገራችን ሲገባ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከቤትህ ሥራ ተባለ። ያኔ ጊዜያዊ መስሎን ነበር። ዓለም ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ትሪፕ ዶት ኮም በሚባል የቻይና የጉዞ ኩባንያ ውስጥ 1,612 ሠራተኞች ላይ ሙከራ አድርገዋል። ውጤቱ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። የልደት ቀናቸው ጎዶሎ ቁጥር የሆነ ሠራተኞች ረቡዕና ዓርብ ከቤት እንዲሠሩ ተፈቀደ። የቀሩት አምስቱንም ቀን ቢሮ ገቡ። ከቤት በሚሠሩት ዘንድ ሥራ የሚለቀው ሰው በሲሶ ቀነሰ። በሥራ ምዘናና በደረጃ እድገት ግን ልዩነት አልታየም። ከሙከራው በፊት አለቆቹ ምርታማነት በ2.6 በመቶ ይወርዳል ብለው ገምተው ነበር። ካዩት በኋላ ግምታቸው 1 በመቶ ይጨምራል ወደሚል ተቀየረ። እንግዲህ ይኼን ለአለቃሽ...

አያልቅበት (6:27)
ጋሼ፣ ልጅቷ ባትሪ የላትም።

ሽሮ_ፈሰስ (6:27)
የልደት ቀኔ 16 ነው። እድሌን ታውቁታላችሁ።

ፅጌ_አራት_ኪሎ (6:29)
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ቆየት ብዬ በደንብ አነበዋለሁ። አሁን 24 በመቶ ነኝ። የፈረመ ሰው የለም?

ባለ_ሁለት_ሲም (6:34)
የስክሪንሽን ብርሃን ቀንሺ። ስልክሽንም ከላፕቶፑ ንቀዪ።

አያልቅበት (6:35)
ይኼ ምክር ሁለተኛ ዙር ነው፣ በቡና ቢሆን ቶና ላይ ደርሰናል።

እማማ_ዙም (6:41)
እኔ አምና ፈርሜያለሁ። ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት። የመጀመሪያው ወር ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ስልኩ እራት ላይ ከትሪው ጎን መቀመጥ ጀመረ። ማንም ባይጽፍልኝ እንኳ በየአምስት ደቂቃው አየዋለሁ። ቴሌግራም ጭር ባለ ቁጥር ሆዴ ቡጭ ይል ነበር። እንቅልፌ ሄደ። የሚገርመው ቢሮ የምገባባቸውን ቀናት መናፈቅ ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ከቢሮ ስወጣ እወጣለሁ፣ ከቤት ግን ወዴት ይወጣል?

ኋላ አለቃዬን "ከ11:30 በኋላ የቴሌግራም መልእክት ለነገ ይደር፣ የማያድር ነገር ካለ ይደወልልኝ" አልኩት። እሺ አለ። ታምኛለሽ? በሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተደወለልኝ። ሰው ለመጻፍ አይሳሳም፣ ለመደወል ግን ያስባል።

ፋይል_ቁጥር_7 (6:52)
ይቺን ያዢያት።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 15ን እይው። በአዋጁ ያልተወሰነ የሥራ ውል ሁኔታ የሚሻሻለው በሕብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። ፊርማሽ ባያስፈልጋቸው ኖሮ አይለምኑሽም ነበር። ስለዚህ ዝም ብለሽ አትፈርሚ፣ ዝም ብለሽም አትቅሪ። "ደርሶኛል" ማለትና "ተስማምቻለሁ" ማለት ለየቅል ናቸው።

የመብራቱ ነገር አይዋጥልኝም። አንቀጽ 54 ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልመጣ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደሞዙን ያገኛል ይላል። መብራቱን አንቺ አላጠፋሽውም።

አያልቅበት (6:54)
የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ 16 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ደብዳቤ ከሄድን ሐምሌ ሳይጋመስ ያልቃል።

እውነቱ_ይነገር (6:58)
ስልክ ከፍቶ መቀመጥ ሥራ ነው እንዴ? ዘበኛም ይቀመጣል።

ፋይል_ቁጥር_7 (7:03)
ዘበኛም ይከፈለዋል ወንድሜ! አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት ሲል ሠራተኛው የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ነው። ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው፣ እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ለዚያውም አደጋ ወይም አስቸኳይ ሥራ ዓይነት ምክንያት ይፈልጋል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ክፍያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከ11:30 እስከ ማታ 3 ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በሁለት ቀን ሰባት ሰዓት። ደብዳቤው ስለ ክፍያ ምን ይላል?

ፅጌ_አራት_ኪሎ (7:06)
ምንም።

ለምለም_ፒያሳ (7:08)
ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግንኙነት የማቋረጥ መብት በሕግ አለ።

ሽሮ_ፈሰስ (7:09)
እኛ የምናውቀው ፈረንሳይ ሌጋሲዮንን ነው፣ እዚያም አሁን መብራት የለም።

ለምለም_ፒያሳ (7:12)
😂 ለምን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አትሄጂም? አራት ኪሎ አይደለሽ?

ፅጌ_አራት_ኪሎ (7:20)
የሰባት ወር ልጅ ይዤ? ይኼን መናገር አልፈለግሁም ነበር። እናቴ ናት የምትይዛት፣ እኔ በየመሀሉ አጠባታለሁ። የወሊድ ፈቃዴ 120 ቀኑ ካለቀ ቆየ። እውነቱ፣ ሜክሲኮ ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም። ቢሮ በምገባባቸው ቀናት መጸዳጃ ቤት ቆሜ ነው ጡቴን የማልበው። ማታ 3 ሰዓት ድረስ ደግሞ ስልክ ላይ ከሆንኩ ማን ያስተኛታል?

እውነቱ_ይነገር (7:24)
ይቅርታ እህቴ። ከመጀመሪያው ብትነግሪን ጥሩ ነበር። ግን አሁንም እላለሁ፣ ያልተጻፈ ነገር ላይ አትመኪ። ውልሽ ላይ ከቤት የሚል አለ?

ፅጌ_አራት_ኪሎ (7:25)
የለም። ከወሊድ ስመለስ አለቃዬ በቃሉ ነው የፈቀደልኝ።

ፋይል_ቁጥር_7 (7:33)
ኧረ ይኼን መጀመሪያ ማለት ነበረብሽ! ነገሩ ይለወጣል። ሕጉ ከቤት የመሥራት መብት በቀጥታ አይሰጥሽም። እውነቱ እዚህ ላይ ልክ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ግቢ ቢሉሽ የምትከራከሪበት ወረቀት የለሽም።

ቆይ ግን። ደብዳቤው "ይቀጥላል" ነው የሚለው? እንግዲያው ሁለቱ ቀናት እስከ ዛሬ እንደነበሩ ራሳቸው ጽፈው ሰጡሽ። ያ ኢሜይል እንዳይጠፋ። ወደ ግል ኢሜይልሽም ላኪው፣ ምሥጢር የሚባል ነገር ከሌለበት።

መልስሽ አጭር ይሁን። ሕግ አትጥቀሺ፣ አንቀጽ ቁጥር ካዩ ይደነግጣሉ፣ የደነገጠ የሰው ሀብት ክፍል ደግሞ መጥፎ ነው። እንዲህ በይ፦

"ደብዳቤው ደርሶኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራቱ ስለሚቀጥል አመሰግናለሁ፣ በዚህ እስማማለሁ። በእነዚህ ቀናት ከ2:30 እስከ 11:30 ሙሉ በሙሉ እገኛለሁ። ከዚያ በኋላ ለአስቸኳይ ጉዳይ በስልክ ልጠራ እችላለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ላካክስ። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ከመፈረሜ በፊት ለአሥር ደቂቃ እንድንነጋገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።"

ጡረተኛው_መምህር (7:40)
ግሩም ነው። ብቻ "በአክብሮት" የሚለው ከፊት ይምጣ።

የኮዬ_ልጅ (7:43)
ሌሎቹስ? ደብዳቤው ለአንቺ ብቻ ነው የመጣው? አምስት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ቢልክ አንድ ሰው ነጥለው አይይዙም።

ፅጌ_አራት_ኪሎ (7:51)
ለክፍላችን በሙሉ ነው። ሁለቱ ፈርመው ልከዋል፣ አሁን ነገሩኝ። አንዷ ደግሞ እያለቀሰች ነው። የጻፍክልኝን ላኩላት።

እማማ_ዙም (7:55)
ለሷም ስለ ስልክ ጥሪው ንገሪያት።

ባለ_ሁለት_ሲም (8:02)
የስክሪንሽን ብርሃን ቀንሰሻል?

ፅጌ_አራት_ኪሎ (8:19)
6 በመቶ። ላክሁት። "በአክብሮት"ን ከፊት አድርጌዋለሁ ጋሼ። ተነቧል ይላል፣ መልስ ግን የለም። ልጄ ነቃች፣ መጣሁ።

አያልቅበት (11:04)
እህ? 11 ሰዓት አለፈ።

ፋይል_ቁጥር_7 (ማታ 2:30)
ፅጌ፣ ምን አሉሽ?

የኮዬ_ልጅ (በማግስቱ ጠዋት 12:10)
እኔም ሰልፍ ላይ ቆሜ እየጠበቅሁ ነው። መብራቱስ መጣላት?

ሽሮ_ፈሰስ (በማግስቱ 1:15)
አራት ኪሎ ማታ 4 ሰዓት ላይ መጥቷል። እሷን ግን እንጃ።